ሚዛኑ የቆጠረው ውሃ

አምቦ ከተማ ውስጥ ሰው በሚበዛበት መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው ደንበኛ የሚጠብቁ ልጆች አይጠፉም። ትወጣላችሁ፣ ጠቋሚው ይወዛወዝና ይቆማል፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ይነግራችኋል፣ ሒሳቡን ከፍላችሁ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ።

በዚያ ቁጥር ስንቱ ሰው ይከፋል! በተለይ ክብደት ሊቀንስ ቆርጦ የተነሣ ሰው። እንጀራውን ከሁለት ወደ አንድ አውርዷል፣ ለስላሳውን ትቷል፣ ማታ ማታ ጂም ይገባል። እዚያ አንዱ ጓደኛው «ክሬቲን ጀምር፣ ጉልበት ይሆንሃል» ይለዋል። ነጩን ዱቄት ገዝቶ ይጀምራል። በሳምንቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ አንድ ኪሎ ጨምሮ ይገኛል።

«ጭራሽ አወፈረኝ» ብሎ ዱቄቱን ይጥላል። አንዳንዱ ጂሙንም አብሮ ይተዋል፤ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ምክንያቱም ዱቄቱ አላወፈረውም፣ ሚዛኑም አልዋሸውም። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል።

እስቲ መጀመሪያ ሚዛኑን እንፈትነው። ቤት ውስጥ ሚዛን ካላችሁ ውጡበትና ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ አንድ ሊትር ውሃ ጠጡና እንደገና ውጡ። ልክ አንድ ኪሎ ጨምራችኋል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና።

በዚያች ደቂቃ ስብ ሠራችሁ? አልሠራችሁም። ሚዛን ስብ አያውቅም፣ ጡንቻም አያውቅም። አጥንቱን፣ ደሙን፣ ሆድ ውስጥ ያለውን ምሳ፣ የለበሳችሁትን ጃኬት፣ ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ ድምር ውስጥ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የያዘው ውሃ ነው፤ የአዋቂ ሰው ሰውነት ከግማሽ በላይ ውሃ ነው።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንምጣ። ክሬቲን ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቁርጥ ሥጋ የበላ ሁሉ በልቶታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል በ1832 እ.ኤ.አ. ያገኘው ከሥጋ ውስጥ ነው። በ1847 ደግሞ ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በአደን እየተሯሯጡ የተገደሉ ቀበሮዎችን ሥጋ ታስረው ካደጉት ጋር ሲያነጻጽር፣ የሯጮቹ ሥጋ በክሬቲን እጅግ የበለጸገ ሆኖ አገኘው። ነገሩ ከጡንቻ ሥራ ጋር እንደሚያያዝ የታወቀው እንግዲህ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ከ4 እስከ 5 ግራም ያህል ክሬቲን አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥ ደግሞ ወደ 120 ግራም ይገኛል፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሞላ ቢባል ነው። ከዚያም 95 በመቶው ያለው ጡንቻ ውስጥ ነው። ሥጋ ባትበሉም ኩላሊትና ጉበታችሁ ተጋግዘው በቀን አንድ ግራም ያህል ይሠራሉ።

ታዲያ ጡንቻ ውስጥ ምን ይሠራል? ጡንቻ ሲኮማተር የሚያቃጥለው ኤቲፒ የሚባል ቅንጣት አለ። ችግሩ ጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚቀመጠው ኤቲፒ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው፤ በሙሉ ኃይላችሁ ብትሮጡ ከ2 ወይም ከ3 ሰከንድ አያልፍም።

ድሮ እሳት የጠፋበት ቤት እንጨቱ እስኪያያዝ አይጠብቅም፤ ልጅ ጎረቤት ተልኮ ፍም ይጭራል። ክሬቲን ያ ጎረቤት ነው። ፎስፌት የሚባለውን ፍም ይዞ ይጠብቅና ኤቲፒ ሲያልቅ ወዲያው ያቀብላል። የጎረቤት ፍም ግን ብዙ አያዘልቅም፤ በሙሉ ኃይል ሥራ 10 ሰከንድ ገደማ ነው። እስከዚያ የራሳችሁ እንጨት መያያዝ አለበት፤ ማለትም ጡንቻው ስኳርንና ስብን እያነደደ ኤቲፒን ራሱ ማምረት ይጀምራል።

ይህን በራሳችሁ ሰውነት ማየት ትችላላችሁ። ሸነን ያላችሁ፣ የጅባት አገር ዳገት አይቸግራችሁምና አንዱን ምረጡ። ሰውነታችሁን አሟሙቁና በሙሉ ኃይላችሁ ሽቅብ ሩጡ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ክንፍ ያላችሁ ይመስላችኋል። ከዚያ፣ ገና ብዙም ሳትርቁ፣ እግራችሁ ይከብዳል፣ ፍጥነታችሁም ይወርዳል። ያ የፍጥነት መውረድ ከሞላ ጎደል ፍሙ ያለቀበት ቦታ ነው።

ዳገት የማይመቸው ሰው ሳሎኑ ውስጥ ፑሽ አፕ ይሥራ። እስኪያቅታችሁ ሥሩና ቁጥሩን ጻፉ። 30 ሰከንድ አርፋችሁ እንደገና ሥሩ፤ ይህንንም ጻፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ድገሙ፣ ነገር ግን በመሃል ያለውን ዕረፍት 3 ደቂቃ አድርጉት። የሁለተኛው ዙር ቁጥር ይጨምራል። ከዕረፍቱ ጥቅሞች አንዱ ክሬቲኑ ፎስፌቱን መልሶ እንዲይዝ ጊዜ መስጠቱ ነው፤ ግማሽ ያህሉ በግማሽ ደቂቃ ይመለሳል፣ የቀረው ደቂቃዎች ይፈልጋል።

ዱቄቱ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ይህን ክምችት ማሳደግ ነው፤ በአማካይ 20 በመቶ ገደማ። ስምንት ጊዜ ብረት ታነሡ የነበራችሁ ዘጠኝ ወይም አሥር ጊዜ ታነሣላችሁ። ከዚህ ያለፈ ተአምር የለውም። ስብ አያቀልጥም፣ ቦርጭ አያጠፋም፣ የምግብ ፍላጎት አይቀንስም።

ስለዚህም ነው ዝናው ከአጭር ርቀት ሯጮችና ከክብደት አንሺዎች ጋር የወጣው። በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሊምፒክ እንግሊዛዊው ሊንፎርድ ክሪስቲ 100 ሜትርን በ9.96 ሰከንድ ሲያሸንፍ ጋዜጦች ክሬቲን ይጠቀም እንደነበር ጻፉ፤ ዱቄቱን ዓለም ያወቀው ያኔ ነው። በስፖርት የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። የክሪስቲ ውድድር ልክ ፍሙ በሚያልቅበት ሰከንድ ላይ አለቀ። የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 በሪዮ የብር ሜዳሊያ ያገኘበት ማራቶን ግን 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ፈጅቷል። እንዲህ ላለው ሩጫ የ10 ሰከንድ ፍም ምን ይጠቅማል? እንዲያውም ዱቄቱ የሚያመጣውን ተጨማሪ አንድ ኪሎ ውሃ ተሸክሞ 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ ነው ትርፉ። በየማለዳው ከአምቦ ወደ ሰንቀሌ አቅጣጫ የምትሮጡ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ።

ውሃው ከየት መጣ? ይህን ደግሞ ድንች ይነግረናል፤ ምዕራብ ሸዋ ድንች አይጠፋም። ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ጃለኔም ይሁን ጉደኔ፣ ቤት ያለውን አንድ ድንች ልጡና በጣት ውፍረት ቁረጡት። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አዘጋጁ። በአንዱ ሁለት ማንኪያ ጨው በጥብጡ፣ ሌላውን እንዲሁ ተዉት። ድንቹን በሁለቱም ክተቱና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ አውጥታችሁ እጠፏቸው። ጨው ውሃ ውስጥ የነበረው ልምሽ ብሎ ይታጠፋል። ባዶው ውሃ ውስጥ የነበረው ገትሮ ቀጥ ብሏል፤ ልጠፈው ስትሉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ውሃ ሁልጊዜ የተሟሟ ነገር ወደ በዛበት በኩል ይሄዳልና ጨዉ ከመጀመሪያው ድንች ውሃ ስቦ አወጣ። በሁለተኛው ግን የተሟሟው ነገር የበዛው ድንቹ ውስጥ ስለሆነ ውሃው ወደ ድንቹ ገባ። ትንሽ ሚዛን ያለው ሰው ቢመዝነው ሁለተኛው ድንች ከበፊቱ ከብዶ ያገኘዋል። ያ ድንች አልሰባም።

ጡንቻችሁም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ክሬቲን ወደ ጡንቻው ሕዋስ ሲገባ ውሃ ተከትሎት ይገባል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ሳምንት፣ በተለይ ብዙ በሚወስዱ ሰዎች ላይ፣ ሚዛኑ ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚጨምረው። ቦርጭ ላይ የወጣ አይደለም፤ ጡንቻ ውስጥ የገባ ውሃ ነው።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና እንደምር፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበትን ቦታ የምናየው እዚህ ነውና። ምግባችሁን በልኩ ቀንሳችሁ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ስብ ትቀንሳላችሁ እንበል፤ ጥሩና ጤነኛ ፍጥነት ነው። በዚያው ሳምንት ክሬቲን ጀመራችሁና 1.5 ኪሎ ውሃ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ሚዛኑ 1 ኪሎ ጨምራችኋል ይላል። በሁለተኛው፣ ግማሽ ኪሎ ጨምራችኋል። በሦስተኛው፣ ከጀመራችሁበት ቁጥር ላይ ናችሁ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተርባችሁ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። በአራተኛው ነው ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው ዝቅ የሚለው።

ያ ሰው ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ስብ ጥሏል! አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ ያንን ማቃጠል ቀልድ አይደለም። ይህን ሁሉ ሠርቶ «አልሆነልኝም» ብሎ የሚመለስ ሰው ስንት ነው?

ውሃ በተቃራኒው በኩልም ያታልላል። ሁዳዴ ሲገባ ወይም ምግብ በድንገት ሲቀነስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ኪሎ ዱብ የሚልላቸው ሰዎች አሉ። ሰውነት ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚያስቀምጠው ስኳር እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስኳሩ ሲያልቅ ውሃውም በሽንት ይሄዳል። ለፋሲካ ዶሮው፣ ዳቦውና ጩኮው ሲመጣ ሁለቱም ይመለሳሉ። የወረደው ሁሉ ስብ አልነበረም፤ የተመለሰውም ሁሉ ስብ አይደለም።

እንግዲያውስ ክብደት ለሚቀንስ ሰው ክሬቲን ምን ያደርግለታል? ሰውነት ምግብ ሲያንሰው ከስቡ ብቻ አይወስድም፤ ከጡንቻውም ይወስዳል። ጡንቻውን እንዳይነካው ማድረግ የሚቻለው በቂ ፕሮቲን በመመገብና ጡንቻውን ከባድ ሥራ በማሠራት ነው። ክሬቲን የሚያግዘው ይህን ከባድ ሥራ ነው፤ ምግብ ቀንሶ ጉልበቱ የደከመ ሰው ሊያነሣ የተወውን ያችን ዘጠነኛ ጊዜ እንዲያነሣት።

ብረት የግድ የጂም ብረት አይደለም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው፣ ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ። ከባድ ነገር የማያነሣ፣ በእግር መሄድን ብቻ ስፖርቱ ያደረገ ሰው ግን ከዱቄቱ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት ያንን ገንዘብ ለእንቁላልና ለአትክልት ቢያውለው ይሻለዋል።

ከማንም በላይ ለውጡን ሊያዩ የሚችሉት ጾመኞች ናቸው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ በሶ፣ ጎመን፣ እነዚህ ውስጥ ክሬቲን የለም ቢባል ይቀላል። ሁዳዴን 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያትን 43 ቀን፣ ፍልሰታን፣ ከዚያም ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው የዓመቱን ብዙ ክፍል ያለ ሥጋ ያሳልፋል። ሰውነቱ የራሱን ስለሚሠራ ባዶ አይሆንም፤ መሥሪያውም ከምግቡ ፕሮቲን የሚገኙ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ጤፍ ስለሚያሟላ ሽሮ በእንጀራ ጥሩ ጥምረት ነው። ያም ሆኖ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ ያለው ክሬቲን ከሌላው ያነሰ ነው፤ ዱቄቱን ሲጀምሩም ክምችታቸው ይበልጥ ያድጋል። ውሃውም እንዲሁ።

«ከሥጋ የሚገኝ ከሆነ ጾም አያስፈታም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ገበያ ላይ ያለው ዱቄት ከሥጋ የተጨመቀ አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ሳርኮሲንና ሳያናማይድ ከሚባሉ ኬሚካሎች የሚሠራ ነው። በእንክብል የሚሸጠውን ግን መያዣውን አንብቡ፤ የእንክብሉ ልባስ ብዙ ጊዜ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ጄላቲን ነው። የቀረውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። ብዙ ሰው በቀን 20 ግራም ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን ወስዶ ክምችቱን በአንድ ጊዜ ይሞላል። ክብደት ለሚቀንስ ሰው ይህን አልመክርም። በቀን 3 ግራም ብቻ ቢወስድ በአራት ሳምንት ገደማ እዚያው ይደርሳል፤ ውሃውም ቀስ ብሎ ስለሚገባ ሚዛኑ አያስደነግጠውም። ለጨጓራም ይሻላል።

ዱቄቱ ብርጭቆው ሥር አሸዋ መስሎ ሲቀር «ተጭበረበርኩ» የሚሉ አሉ። እስቲ ሁለት ባለ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ውሰዱ፣ አንዱን በቀዝቃዛ ሌላውን ለብ ባለ ውሃ ሙሉ፣ በእያንዳንዱ 5 ግራም ጨምራችሁ አማስሉ። ቀዝቃዛው ሥር ደለል ይቀራል፣ ለብ ያለው ግን ይጠራል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውሃ 14 ግራም ክሬቲን ብቻ ያሟሟል፤ 50 ዲግሪ ላይ ግን 34 ግራም። ሥር የቀረውን ውሃ ጨምራችሁ ጠጡት።

በአምቦ ውሃ ልበጥብጠው የምትሉ ካላችሁ ብርጭቆውን አትሙሉት። ዱቄት ሲነካው ጋዙ በያንዳንዱ ቅንጣት ላይ ተሰብስቦ አረፋው ገንፍሎ ይፈሳል፤ በስኳርም ብትሞክሩት ያው ነው። ወዲያው ከጠጣችሁት ምንም አይደለም። ሎሚ ጨምሮ በጥብጦ ለቀናት ማስቀመጥ ግን ጥሩ አይደለም፤ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ክሬቲን ቀስ በቀስ ወደማይጠቅም ክሬቲኒን ይለወጣል።

ሚዛኑን ጣሉት አልልም። ከጎኑ ግን አንድ ክር አስቀምጡ። እሑድ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ፣ ትንፋሻችሁን ሳትስቡ፣ በእምብርታችሁ ትክክል ወገባችሁን ዙሩበትና የተገናኘበት ላይ ቋጥሩ። በየሳምንቱ እሑድ እንዲሁ። ጡንቻ የገባው ውሃ ክሩን አያስረዝመውም፤ የሆድ ስብ ሲቀንስ ግን አዲሱ ቋጠሮ ከድሮው ወዲህ ይመጣል። ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲል ቋጠሮው ከተንቀሳቀሰ ሥራችሁ እየሠራ ነው።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ጤነኛ የሆናችሁትም አንድ ነገር ያዙልኝ። በየቀኑ ከሰውነታችሁ ክሬቲን 2 በመቶ የማይሞላው ወደዚያው ክሬቲኒን ተለውጦ በኩላሊት በኩል ይወጣል። ሐኪሞች የኩላሊትን ጤና የሚገምቱት ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን ክሬቲኒን ለክተው ነው። ክሬቲን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ በምርመራው ዋዜማ ብዙ ጥብስ መብላትም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ አምቦም ሆነ አዲስ አበባ የደም ምርመራ ሲታዘዝላችሁ፣ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት፣ በቀን ስንት ግራም ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስዱ ለሐኪሙ ንገሩት። ሐኪሙ ከፈለገ ለተወሰነ ጊዜ አስቁሟችሁ መልሶ ይለካል፣ ወይም ሽንታችሁ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን አይቶ ይለያል።